መራጩን ሳያውቁ ምርጫውን ስለ መፍረድ

ሰው በባሕርዩ መራጭ ሆኖ የተፈጠረ ስለ ሆነ፥ በእጁ ሠርቶ የሚያቆመው ነገር ሁሉ፥ ቤትም ቢሆን መጽሐፍም ቢሆን መሣሪያም ቢሆን፥ የልቡናው ሚዛን ወዴት እንዳዘነበለ፥ ምን እንደ ወደደና ምን እንደ ፈራ፥ ለየትኛው ነገር እጁን እንደ ዘረጋና ለየትኛው እንደ ሰበሰበ ይመሰክርበታል። ከዚህም የተነሣ አንድ ሰው የሠራውን ነገር ስንመዝን ዕቃውን ብቻ የምንመዝን ይምሰለን እንጂ፥ በዕቃው ውስጥ ያለውን የሰውየውን ፈቃድና ማስተዋል መመዘናችን አይቀርም፤ ስለዚህ ዕቃን መንቀፍ ቀላል ነገር መስሎ ሳለ፥ በእውነቱ በሰው ላይ ከመፍረድ አንዱ ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምወደው ጥያቄም ይህ ነው፦ የመራጩን ጉዳይ፥ አገሩንና አቅሙን ሳያውቁ በምርጫው ላይ የሚሰጥ ፍርድ፥ ፍርድ ሊባል ይገባዋልን?

ለዚህ ምርመራ ማስረጃ አድርጌ የማቀርበው፥ በሩቅ ሲያዩት ከሃይማኖትም ከፍልስፍናም ጋር ዝምድና የሌለው የሚመስለውን፥ በጋምቤላ ከተማ ወጣቶች በገዛ እጃቸው የሚገጣጥሙትን የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነው። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤቲኤክስ የሚባለውን የልክ ሥርዓት ካወጣ ወዲህ፥ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጡ ማዘርቦርድ፥ ፓወር ሳፕላይና ኬዝ እርስ በርሳቸው ሊገጥሙ ስለሚችሉ፥ አንድ ካቻቪቴና ትዕግሥት ያለው ሰው፥ በተለምዶ ሲፒዩ ተብሎ በሚጠራው ሣጥን ውስጥ የሚገባውን ፕሮሰሰር፥ ራም፥ ዲስክ፥ ግራፊክስ ካርድና ፋን አንድ በአንድ መርጦ ማሽኑን ሊያቆም ይችላል። ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ ማሽን የሌላ ሰው ምርጫ ነው፤ በቤት የተገጣጠመው ግን እያንዳንዱ ክፍሉ «ለምን ይህ ሆነ?» ተብሎ የሚጠየቅበት፥ ባለቤቱም መልስ የሚሰጥበት ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ይህ ጥያቄ አይጠየቅም። ፈራጁ የክፍሎቹን ዝርዝር ይቀበልና የፕሮሰሰሩን ስምና የወጣበትን ዓመት፥ የራሙን ጊጋባይትና የግራፊክስ ካርዱን ዋጋ ተመልክቶ፥ ከመካከላቸው ታላቅ ስም የሌለው ሲያገኝ፥ ባለቤቱ እንደ ሳተ ወይም እንደ ተታለለ ይደመድማል። የዚህ ፍርድ ስሕተት የሚመጣው ከዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ፈራጁ ስለ ክፍሎቹ የሚናገረው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላልና። ስሕተቱ፥ በጎነትን በዕቃው ውስጥ ብቻውን የሚኖር ነገር አድርጎ መቁጠሩ ነው። ጥንታዊው ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ስለ ምግባር ሲያስተምር፥ ለሰው የሚገባው መጠን ከሁለት ቍጥሮች መካከል ተቈጥሮ የሚገኝ ሳይሆን ከሰውየው ከራሱ ጋር ተመዛዝኖ የሚታወቅ መሆኑን ያስረዳ ዘንድ፥ ሚሎን ለተባለው ስመ ጥር ታጋይ የሚያንሰው ምግብ፥ ትግልን ገና ለሚጀምረው ሰው እንደሚበዛበት ጠቅሷል። የኮምፒውተር ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ወይም ጥቂት፥ ታላቅ ወይም ታናሽ የሚሆነው፥ ከሚሠራበት ሥራ፥ ከሚቆምበት አገርና ከሚገዛው ሰው አቅም ጋር ሲተያይ ነው እንጂ ለብቻው አይደለም።

እንግዲህ አገሩን እንመልከት። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ ዳር፥ ከባሕር ወለል በላይ 530 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ግን ከ2300 ሜትር በላይ ነው። በጋምቤላ በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፥ አንዳንድ ጊዜም ያልፈዋል። የፋን ሥራ ሙቀትን ከብረቱ ወደ አየሩ ማሻገር ብቻ ስለ ሆነ፥ ማናቸውም ፋን ቢሆን ማሽኑን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው ከቶ አይችልም። በከባድ ሥራ ጊዜ የፕሮሰሰሩን ትኩሳት ከክፍሉ ሙቀት በ50 ዲግሪ ብቻ አስበልጦ የሚይዝ ማቀዝቀዣ፥ 22 ዲግሪ በሆነ የአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ በ72 ዲግሪ ያቆየዋል፤ ያው ማቀዝቀዣ በያው ፕሮሰሰር ላይ ተጭኖ በጋምቤላ የመጋቢት ቀትር 90 ዲግሪ ያደርሰዋል። ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ደግሞ 95 ወይም 100 ዲግሪ ላይ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ስለዚህም 125 ዋት የሚበላውን ታላቅ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው፥ የከፈለበትን ፍጥነት በሚያስፈልገው ሰዓት ሊያጣው ይችላል፤ 65 ዋት የሚበላውን የመረጠው ግን ያለችውን ፍጥነት ሳትጓደልበት ይሠራባታል።

ይሁን እንጂ ፍትሕ አንድ ወገን ብቻ መስማትን አይወድምና፥ ለጋምቤላ የሚመሰክርም ነገር አለ። የቆላ አየር ከደጋ አየር ይልቅ ስለሚከብድ፥ ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር በጋምቤላ ሙቀት ተሸካሚ አየርን አብዝቶ ያሳልፋል፤ ይህም የሙቀቱን ጉዳት በከፊል ያቃልለዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። በሌላ በኩል ደግሞ በማዘርቦርዱና በፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ኃይልን የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች፥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ መብራት ሲቋረጥ ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው የዩፒኤስ ባትሪም ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። በዚህ ላይ የበጋው አቧራና የክረምቱ እርጥበት፥ የመብራቱም መሄድና መምጣት ይታከልበታል። አንድ ክፍል ቢቃጠል ደግሞ ምትኩ የሚመጣው በመቱና በጎሬ በኩል አልፎ ከደጋው ወደ ቆላው በሚወርደው፥ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው መንገድ ነው።

በከተማይቱ ካሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች በአንዱ ያየሁትን ማሽን እዚህ ላይ ልግለጸው። ባለቤቱ ወጣት አኙዋክ ነው። ቀን ቀን ማመልከቻ ይጽፍበታል፥ የመታወቂያ ፎቶግራፍም ያትምበታል፤ ማታ ማታ ደግሞ የመዘምራንን ቪዲዮ ያቀናብርበታል። ፕሮሰሰሩ ባለ 65 ዋትና ሥዕል ማሳያው በውስጡ ያለ ስለ ሆነ፥ ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ራሙ የቀድሞው ትውልድ ዲዲአር4 ሆኖ ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ነጠላ ነው፤ ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው። ለፓወር ሳፕላዩና ለዩፒኤሱ ያወጣው ገንዘብ ለፕሮሰሰሩ ካወጣው ይበልጣል። ከኬዙ ፊት፥ አየር በሚገባበት በኩል፥ ስስ ሻሽ ወጥሮ በላስቲክ አስሮበታል፤ ሻሹንም ቅዳሜ ቅዳሜ እየፈታ ያጥበዋል፤ ሻሹ ሲታጠብ በውኃው ላይ የሚወርደው ቀይ አፈር፥ ባይታሰር ኖሮ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል ተጋግሮ ይቀር የነበረው ነው።

ከዝርዝሩ ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ማሽን ሲያይ፥ ገንዘቡ በማይታይ ነገር ላይ እንደ ባከነ፥ ራሙ እንዳረጀ፥ ግራፊክስ ካርድም ሳይኖር ቪዲዮ ማቀናበር እንደማይገባ ይናገራል። ጉዳዩን መርምሮ የሚፈርድ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ግራፊክስ ካርድ አለመኖሩ ቪዲዮውን ያዘገየዋል፤ ነገር ግን የማታው ሥራ ሌሊቱን ሊጠብቅ ይችላል፥ ማመልከቻ ይዞ በር ላይ የቆመው ሰው ግን መብራት እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልምና፥ ዩፒኤሱ ከካርዱ መቅደሙ ርቱዕ ነው። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና፥ ምትኩ በቅርብ የሚገኘውን የቀድሞውን ራም መምረጡም ከዐዋቂ የሚጠበቅ ነው። ስለ ራሙ ግን እውነተኛ ነቀፋ አለ፤ ይኸውም በ16 ጊጋባይት አንድ ነጠላ ፈንታ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ቢገዛ ኖሮ፥ ፕሮሰሰሩ በአንድ መንገድ ብቻ የሚቀዳውን በሁለት መንገድ ይቀዳ ነበር፤ ሥዕል ማሳያውም የራሱ ማኅደር ስለሌለው ከራሙ እየተበደረ ስለሚሠራ፥ ከሁሉ ይልቅ ተጠቃሚው እሱ በሆነ ነበር። ባለቤቱ ባዶውን ስፍራ ለኋላ እንደ ተወው ተናገረ፤ ስለዚህ ነቀፋው ወደ ምክር ይለወጣል፦ ገንዘብ ባገኘህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድመህ ያንኑ የመሰለ ሁለተኛ ራም ጨምርበት።

በሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለው ልዩነት፥ አንደኛው ጨካኝ ሁለተኛው ርኅሩኅ በመሆኑ አይደለም፤ ሁለተኛው ያገኘው ጉድለት አንደኛው ከቶ ያላየው ነውና። ማሽኑን ከነጉዳዩ የመረመረ ሰው፥ ስሙን ብቻ ከሚያነበው ሰው ይልቅ በጥልቅ ሊነቅፍ ይችላል፤ ምክንያቱም አንድ ክፍል የት ላይ ሌላውን እንደሚያደክመው የሚገለጥለት ለእሱ ነው። ጂን አምዳል የተባለው የኮምፒውተር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዳው ሐሳብ ይህንኑ ያጸናልናል፤ ከአንድ ሥራ ጊዜ እኩሌታው ፕሮሰሰሩ ዲስኩን በመጠበቅ የሚያልፍ ቢሆን፥ ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ፈጣን ቢደረግ ጠቅላላው ሥራ ከእጥፍ በላይ ሊፈጥን አይችልም፤ የሚጠበቀው እኩሌታ ጊዜ እንዳለ ይቀራልና። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ አንድ አካልና ስለ ብዙ ሕዋሳት ሲጽፍ፥ ደካሞች የሚመስሉት ሕዋሳት ይበልጥ እንደሚያስፈልጉ ያስተማረው ለቤተ ክርስቲያን ኅብረት ነበር፤ ትምህርቱ ግን በኅብር የሚቆመውን ነገር ሁሉ ይነካል፤ የአንዱ ሕዋስ ክብር የሚለካው ለሌሎቹ በሚሰጠው አገልግሎት ነውና።

የምርጫ በጎነት ከሚቆምበት አገር ጋር ሲተያይ እንደሚታወቅ ጋምቤላ ራስዋ የታሪክ ምስክር ናት። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፥ ስፍራው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ጨርሶ እስኪመለስ ድረስ፥ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ክረምት ሲገባ ባሮ ሞልቶ ሳለ እየመጡ፥ የኢሉባቦርን ቡና ጭነው ጨውና ጨርቅ አራግፈው ይመለሱ ነበር። እነዚያ መርከቦች በዝቅተኛ ውኃ ላይ እንዲሄዱ የተሠሩ ስለ ነበሩ፥ በውቅያኖስ ማዕበል ላይ ቢፈተኑ የማይረቡ ተብለው በተፈረደባቸው ነበር፤ በውቅያኖስ የሚመሰገነው ባለ ጥልቅ ሆድ መርከብ ግን በባሮ አሸዋ ላይ ተቀርቅሮ በቀረ ነበር። መርከቡን የመረጠው ሰው አስቀድሞ ያነበበው የወንዙን ጥልቀት ነው፤ የመርከቡንም በጎነት የወሰነው ወንዙ ነው።

አሁን ግን አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። «ሁሉም ነገር በአገርና በአቅም የሚለካ ከሆነ፥ ማንም ሰው ለማንኛውም ምርጫው ምክንያት አያጣምና፥ ፍርድ ጨርሶ ሊቀር አይደለምን? ችግር ሁሉን የሚያጸድቅ ከሆነ ስሕተት የሚባል ነገር ወዴት ይኖራል?» ይህ ተቃውሞ በቸልታ ሊታለፍ የማይገባው ነው፤ መልሱም ከዚያው ከሣጥኑ ውስጥ፥ ከሁሉ ተሰውሮ ከሚቀመጠው ክፍል፥ ከፓወር ሳፕላዩ ይገኛል።

ፓወር ሳፕላይ ማንም የማያየው፥ ማንም የማይመካበት ክፍል ነው፤ የሌሎቹ ሁሉ ሕይወት ግን በእሱ በኩል ያልፋል። ከመስመሩ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፥ ወደ 5ና ወደ 3.3 ቮልት ዝቅ አድርጎ ያድላል፤ መብራት ድንገት ሲቋረጥም በኤቲኤክሱ ሥርዓት መሠረት ለጥቂት ሚሊ ሴኮንዶች ያህል ጸንቶ ሊቆይ ይገባዋል፤ ብዙዎቹ ዩፒኤሶች ከባትሪያቸው ኃይል መስጠት የሚጀምሩት በዚህች ዐይን በማይከድኑባት ጊዜ ውስጥ ነውና። እንግዲህ በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ርካሽ ፓወር ሳፕላይ አለ። አንደኛው በላዩ 300 ዋት ተብሎ ተጽፎበት 300 ዋት የሚሰጥ ነው፤ ይህ ታናሽ ነው፥ ግን እውነተኛ ነው፥ ታናሽ ማሽንም በእርሱ በሰላም ይኖራል። ሁለተኛው በላዩ 600 ዋት ተብሎ ተጽፎበት ያንን ኃይል ለቅጽበት ያህል ብቻ፥ ያውም በ25 ዲግሪ አየር ውስጥ ሲሆን የሚሰጥ ነው፤ በጋምቤላ ሙቀት ግን የተጻፈበትን ሳይፈጽም ይቀራል፤ ሲወድቅም ብቻውን አይወድቅም፥ ማዘርቦርዱንና ዲስኩን፥ በዲስኩም ውስጥ የተቀመጠውን የሰውን ድካም ሁሉ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በዚህ ላይ ለፍርድ የሚሆን ጽኑ መሠረት እናገኛለን፤ ይኸውም ጉድለትና ሐሰት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ጉድለት ከአቅም ይመጣል፥ ቢታወቅም ይቻላል፥ ሊሞላም ይችላል፤ ሐሰት ግን ከፈቃድ ይመጣል፥ በየትኛውም አገር በየትኛውም አቅም አይጸድቅም። ሙቀት ለደካማው ፕሮሰሰር ምክንያት ይሆነዋል፤ ድህነት ለጥቂቱ ራም ምክንያት ይሆነዋል፤ የሌለውን ኃይል አለኝ ብሎ በላዩ ለጻፈው ፋብሪካ ግን ቆላም ደጋም ጠበቃ ሊሆነው አይችልም። ያንን ሐሰት እያወቀ ለደንበኛው የሚገጥም ሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመራጩን ሁኔታ መመርመር ፍርድን አያጠፋውም፤ ይልቁንስ ፍርድ ሊያርፍበት ከማይገባው ስፍራ አንሥቶ ሊያርፍበት ወደሚገባው ስፍራ ያደርሰዋል።

ቅዱስ ወንጌልም የሚያስተምረን ይህንኑ ይመስለኛል። በመክሊቱ ምሳሌ ጌታው አምስት የተሰጠውንና ሁለት የተሰጠውን አገልጋዮች ያመሰገነው በአንድ ዓይነት ቃል ነው፤ ሦስተኛው አገልጋይ የተወቀሰውም ጥቂት የተሰጠው ስለ ሆነ ሳይሆን የተሰጠውን ቀብሮ ስለ ተገኘ ነው። በመቅደሱ መባ ያገባችው መበለትም የተመዘነችው በሳንቲሞቿ ብዛት አልነበረም፤ ከእጅዋ ከቀረው አንጻር ነበር። ይህ ግን ሒሳብን መናቅ አይደለም፤ ያው ወንጌል ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ሊያስብ እንደሚገባው ያሳስባልና። በአንድ በኩል መራጩ ዐቅሙን ቈጥሮ እንዲነሣ ታዝዟል፤ በሌላ በኩል ፈራጁ የመራጩን ዐቅም ቈጥሮ እንዲፈርድ ታዝዟል፤ ሁለቱ ትእዛዛት አንድ ሚዛን ናቸው።

በአገራችን የፍርድ ሥርዓትም ይህ መንፈስ እንግዳ አልነበረም። በ13ኛው ምእት ዓመት በግብጽ ኢብን አል አሳል ያጠናቀረውና ወደ ግእዝ ተተርጉሞ ነገሥታቱ ለዘመናት ሲገለገሉበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት፥ ዳኛ ለፊት እንዳያዳላ የሁለቱንም ወገን ቃል አጣርቶ እንዲሰማ ያስገድዳል። በጋምቤላ ምድር ደግሞ የኑዌር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የሚያከብረው፥ የነብር ለምድ የሚለብስ አስታራቂ አባት አለ፤ ሰው ገድሎ የሸሸ ሰው የሚጠለለው በዚህ አባት ቤት ነው። ይህ አባት የሚያስገድድበት ወታደርም ሆነ ወህኒ የለውም፤ ሥልጣኑ ሁሉ በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ፥ የተበደለውን ወገን አቤቱታና የበዳዩን ወገን አቅም ሰምቶ፥ በከብት የሚከፈለውን ካሳ አስማምቶ ደም በማድረቅ ነው። የጉዳዩ ታላቅነት ከብረት ሣጥን ጋር የሚተካከል አይደለም፤ ግን የሥርዓቱ ጥበብ ለሁሉ ይበቃል፤ ይህ አባት ስለ ሰውየው የሚናገረው በገዛ ጣራው ሥር ካኖረው በኋላ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ሥራ ግልጽ ነው። በሰው ምርጫ ላይ ለመናገር የሚወድ ሰው፥ አስቀድሞ ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ምን ሊሠራበት ነው? የት ሊቆም ነው? በእጁ ምን ነበረው? እነዚህን ጠይቆ መልሱን ካገኘ በኋላ፥ ጉድለቱን እንደ ጉድለት፥ ሐሰቱን እንደ ሐሰት ይለይ፤ ጉድለቱንም ሲነግረው ሰውየው ነገ ሊፈጽመው በሚችለው ምክር ለውጦ ይንገረው፤ ሊፈጸም የማይችል ነቀፋ ሰሚውን ከማሳዘን በቀር አንዳች አያተርፍምና። ሐሰቱን ግን ሳያለዝብና ሳይፈራ ሊገልጠው ይገባል፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት ትሕትና አይባልም፥ ከበዳዩ ጋር መተባበር ነው።

ይህንንም የምለው ለገጣጣሚዎችና ለነቃፊዎቻቸው ብቻ አይደለም። በደጋው ከተማ ተቀምጠው ለቆላው ትምህርት ቤት፥ ለቆላው ጤና ጣቢያና ለቆላው ቀበሌ ኮምፒውተር የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ የሚመርጡትም ብዙ ጊዜ ከዝርዝር ነው። የዝርዝሩ ቍጥር ታላቅ ቢሆንም ሙቀቱን የማይችል፥ መብራት በሄደ ቍጥር የሚንገዳገድ፥ ሲሰበር ምትክ የሌለው ማሽን ወደ ጋምቤላ ተልኮ በአቧራ ተሸፍኖ ሲቀመጥ፥ ነውሩ በተቀባዩ ሕዝብ ላይ ይጫናል፤ «መያዝ አልቻሉም» ይባላልና። ይህ ከላይ የመረመርነው ስሕተት ሙሉ መልኩ ነው፤ መራጩ አገሩን ሳያውቅ መረጠ፥ ፈራጁም አገሩን ሳያውቅ ፈረደ፥ በሁለቱ መካከል ያልመረጠው ሰው ተወቀሰ። ስለዚህ ለሌላ ሰው የሚመርጥ፥ በሌላ ሰው ምርጫ ላይ ከሚፈርደው ይልቅ እጥፍ ኃላፊነት አለበት፤ ኃላፊነቱንም የሚወጣው ሣጥኑ የሚቆምበትን ክፍል በመጋቢት ቀትር ገብቶ ካየ፥ በዚያ ክፍል የሚሠራውንም ሰው ምን እንደሚያስፈልገው ከጠየቀና መልሱን ከዝርዝሩ በላይ ካከበረ ብቻ ነው።